የክፍት ምንጭ የይዘት አስተዳደር ሥርዓት አመራረጥ

የክፍት ምንጭ የይዘት አስተዳደር ሥርዓት የድረ ገጽን ጽሑፍ፣ ሥዕልና ሌላ ይዘት ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ ለማዘጋጀት፣ ለማረምና ለማውጣት የሚያገለግል፣ የምንጭ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ዎርድፕረስ፣ ድሩፓል፣ ጁምላ እና ሚዲያዊኪ ከታወቁት መካከል ናቸው። ሁሉም ያለ ክፍያ ስለሚገኙ ምርጫው በሶፍትዌሩ ዋጋ አይወሰንም። የሚወስኑት የሥራው ጠባይ፣ ድረ ገጹ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ እንዲሁም ከተሠራ በኋላ የሚንከባከበው ሰው አቅም ናቸው።

በአማርኛ ለሚዘጋጅ ድረ ገጽ በእንግሊዝኛ መመሪያዎች የማይነሱ ተጨማሪ መመዘኛዎች አሉ። የግዕዝ ፊደል አቀማመጥ፣ የቃላት ፍለጋ፣ የገጽ አድራሻ ርዝመት እና የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ የአመራረጡን መመዘኛዎች በተለይ ከኢትዮጵያ ሁኔታ አንጻር ያቀርባል።

ምንነትና አሠራር

በቀድሞው የድረ ገጽ አሠራር እያንዳንዱ ገጽ በኤችቲኤምኤል የተጻፈ ራሱን የቻለ ፋይል ነበር። የድርጅቱ ስልክ ቁጥር ቢለወጥ ቁጥሩ ያለበት ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ ተከፍቶ መታረም ነበረበት። የይዘት አስተዳደር ሥርዓት ይዘቱን ከመልኩ ይለያል። ጽሑፉ በዳታቤዝ ይቀመጣል፤ የገጹ መልክ «ቴም» በሚባል የፋይሎች ስብስብ ይወሰናል፤ አንባቢ ገጹን ሲከፍት ሰርቨሩ ሁለቱን አገናኝቶ ያቀርባል። ስለዚህ ቴሙ ቢለወጥ ጽሑፉ አይነካም፤ ጽሑፉ ቢታረምም መልኩ አይበላሽም።

ሥርዓቱ ለተለያዩ ሠራተኞች የተለያየ ሥልጣን ይሰጣል። ለምሳሌ ዎርድፕረስ ለአንድ ድረ ገጽ 5 የሥልጣን ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም አስተዳዳሪ፣ አርታኢ፣ ጸሐፊ፣ አበርካችና ተመዝጋቢ ናቸው። አበርካች ጽሑፍ ማዘጋጀት ቢችልም ያለ አርታኢ ፈቃድ ሊያወጣው አይችልም። በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ የሌለ አገልግሎት ሲያስፈልግ «ተሰኪ» ወይም ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ኮድ ይጫናል።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ማንም እንዲጠቀምበት፣ አሠራሩን እንዲያጠና፣ እንዲለውጠውና ለሌላ እንዲያካፍለው የሚፈቅድ ፈቃድ ያለው ነው። ዎርድፕረስ፣ ድሩፓልና ጁምላ «ጂፒኤል» በሚባለው ፈቃድ ይሰራጫሉ። ይህ ለተጠቃሚው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የፈቃድ ዋጋ የለበትም። ሁለተኛ፣ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ወይም ድርጅት ሥራውን ቢያቆም ሌላ ባለሙያ ከቆመበት ሊቀጥል ይችላል። ሆኖም ነጻ ነው ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ዶሜን፣ ሆስቲንግ፣ የባለሙያ ጉልበትና የማያቋርጥ ጥገና ሁሉም ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃሉ።

ታሪክ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ገና አልተካተተም ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ሰጠ። ይህ ባይሆን ኖሮ የአማርኛን ጽሑፍ በዳታቤዝ አስቀምጦ መፈለግና ማውጣት አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ሥርዓቶች የተፈጠሩት ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። ድሩፓልን ቤልጂየማዊው ድሪስ ቦይታርት እ.ኤ.አ. በ2001 በክፍት ምንጭነት አወጣው። ስሙ «ጠብታ» ከሚል የደች ቃል የመጣ ነው። ዎርድፕረስን ማት ሙለንዌግ እና ማይክ ሊትል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 አወጡት፤ መነሻው ቀደም ሲል የነበረ ሌላ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ጁምላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ማምቦ ከሚባለው ሥርዓት ተገንጥሎ ወጣ። ስሙ «ሁሉም በአንድነት» ከሚል የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ቃሉ በአማርኛ «ጅምላ» ከምንለው ጋር አንድ የዓረብኛ ምንጭ አለው።

የጁምላና የዎርድፕረስ አወጣጥ የክፍት ምንጭን ጥቅም ያሳያል። ቀዳሚው ፕሮጀክት ቢቆም ወይም በአስተዳደሩ ላይ አለመግባባት ቢፈጠር፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌሎች ወስደው ሥራውን ይቀጥላሉ።

ዋና ዋና ሥርዓቶች

ዎርድፕረስ

ዎርድፕረስ በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩበት እጅግ የተስፋፋ ሥርዓት ነው። ለዜና፣ ለድርጅት ማስተዋወቂያ፣ ለግል ጽሑፍና ለአነስተኛ የኢንተርኔት ሱቅ ይውላል። በኢትዮጵያም የአዲስ ስታንዳርድን ድረ ገጽ ጨምሮ በርካታ የዜና ድረ ገጾች ይጠቀሙበታል። ትልቁ ጥቅሙ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የሚያውቀው ባለሙያ በቀላሉ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 5.0 ዕትም ጽሑፍን በክፍልፋይ የሚያዘጋጅ አዲስ አርታዒ አስገብቷል።

ድክመቱ ብዙ አገልግሎቶች በተሰኪ ላይ የተመሠረቱ መሆናቸው ነው። አንድን ድረ ገጽ በሁለት ቋንቋ ለማዘጋጀት እንኳ ተሰኪ ያስፈልጋል። ተሰኪዎቹ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ስለሆኑ ጥራታቸው እኩል አይደለም።

ድሩፓል

ድሩፓል ብዙ ዓይነት ይዘት፣ ብዙ ተጠቃሚና ጥብቅ የሥልጣን ክፍፍል ላላቸው ተቋማት ይስማማል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ድረ ገጽ በድሩፓል ከተሠሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ከወጣው 8ኛ ዕትም ጀምሮ የብዙ ቋንቋ አገልግሎት የዋናው ሶፍትዌር አካል ነው። ስለዚህ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ለሚያወጣ መሥሪያ ቤት የተመቸ መዋቅር አለው።

በሌላ በኩል ለመማር ይከብዳል፤ የሚያውቀው ባለሙያም ከዎርድፕረስ ይልቅ ጥቂት ነው። ከ7ኛው ዕትም ወደ 8ኛው መሸጋገር ድረ ገጹን እንደ አዲስ ከመሥራት የሚቀራረብ ድካም ነበረው። በዚህ ምክንያት ብዙ ድረ ገጾች በ7ኛው ዕትም ላይ ለዓመታት ቆይተዋል፤ የዚያ ዕትም ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2025 አብቅቷል።

ጁምላ

ጁምላ በአስቸጋሪነትም ሆነ በአቅም በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው 1.6 ዕትም ጀምሮ ብዙ ቋንቋን ያለ ተጨማሪ ተሰኪ ያስተናግዳል። በቀደሙት ዓመታት በተቋማት ዘንድ ተመራጭ ነበር። አሁን አዳዲስ ሥራ የሚጀምሩበት ሰዎች ቀንሰዋል፤ ይሁን እንጂ በጁምላ የተሠራና በአግባቡ የሚዘመን ድረ ገጽ ያለው ተቋም ለመቀየር የሚያስገድደው ነገር የለም።

ለተለየ ሥራ የተዘጋጁ ሥርዓቶች

አንዳንድ ሥራዎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሚዲያዊኪ ለውክፔዲያ የተሠራ ሲሆን ብዙ ሰዎች በጋራ ለሚያርሙት የማመሳከሪያ ሥራ ይሆናል፤ የአማርኛ ውክፔዲያም የሚሠራው በእርሱ ነው። ዲስፔስ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የሰነድ ማከማቻ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ለሕዝብ የሚያቀርብበት ነው። ሙድል ለትምህርት፣ ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ ለምርምር መጽሔት፣ ኮሃ ለቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የተዘጋጁ ናቸው። አንድ ኮሌጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ማከማቻን በዎርድፕረስ ለመሥራት ቢሞክር፣ ዲስፔስ ያዘጋጀውን እንደገና ለመፍጠር መድከም ይሆንበታል።

የይዘት አስተዳደር ሥርዓት የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። አድራሻ፣ የሥራ ሰዓትና የአገልግሎት ዝርዝር ብቻ የያዘ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የሚለወጥ ድረ ገጽ ያለ ዳታቤዝ በቋሚ ፋይሎች ቢሠራ ይፈጥናል፤ ለጥቃትም ያለው መጋለጥ እጅግ ያንሳል።

ለአማርኛ ጽሑፍ የሚያስፈልጉ መመዘኛዎች

የፊደል አቀማመጥ

ማንኛውም የአማርኛ ድረ ገጽ ከዳታቤዙ ጀምሮ እስከ ገጹ ድረስ በዩኒኮድ መሥራት አለበት። ዳታቤዙ ለላቲን ፊደል ብቻ ተዘጋጅቶ ከሆነ የአማርኛው ጽሑፍ ተከታታይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ከደረሰ በኋላ ጽሑፉ ከዳታቤዙ ተመልሶ አይገኝም።

በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» የሚለው የቆየ አማራጭ ለአንድ ምልክት ቢበዛ 3 ባይት ይሰጣል። ተራው የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት ስለሚጻፍ ይበቃዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጊኛ አጻጻፍ በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት ፊደላት 4 ባይት ይወስዳሉ፤ ኢሞጂም እንዲሁ። ስለዚህ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚለውን መምረጥ ተገቢ ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይህንኑ ይጠቀማል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ድረ ገጽ ግን መመርመር አለበት።

ሌላው ችግር የቆዩ ሰነዶች ናቸው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ የድርጅት ታሪክ ወይም መተዳደሪያ ደንብ ተገልብጦ ድረ ገጹ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይታያል። እነዚህ ሰነዶች አስቀድመው በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው። የቆየ ማኅደር ያለው ተቋም ይህን ሥራ በዕቅዱ ውስጥ ካላስገባ አብዛኛው ጊዜ በዚሁ ያልቃል።

ፍለጋ

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ በብዛት የሚታየው ድክመት የፍለጋ ሣጥኑ ነው። ችግሩ ሦስት ምንጭ አለው።

የመጀመሪያው የፊደሉ ጠባይ ነው። የዎርድፕረስ መሠረታዊ ፍለጋ የተጻፈውን የፊደል ቅደም ተከተል በጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋል። «ቤት» ተብሎ ሲፈለግ «በቤት» እና «ከቤት» ይገኛሉ። «ቤቱ»፣ «ቤቶች» እና «ቤታችን» ግን አይገኙም፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ፊደል ከ«ት» ወደ «ቱ»፣ «ቶ» እና «ታ» ተለውጧል። በላቲን ፊደል ቢሆን ግንዱ ሳይለወጥ ቅጥያው ብቻ ስለሚጨመር ይህ ችግር እምብዛም አይታይም።

ሁለተኛው የቃል ርዝመት ነው። በቃላት ማውጫ የሚሠሩ የፍለጋ ዘዴዎች አጫጭር ቃላትን ጥቅም የሌላቸው አድርገው ይተዋሉ። በማይኤስኪውኤል የሙሉ ጽሑፍ ማውጫ መነሻው እንደ ሠንጠረዡ ዓይነት 3 ወይም 4 ፊደል ነው፤ የድሩፓል መሠረታዊ ፍለጋም ከ3 ፊደል ያነሰውን አይመዘግብም። በአማርኛ ግን አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃላት አጫጭር ናቸው። ቡና፣ ውሃ፣ ሰው፣ ቤት፣ ሕግ እና ጤና ሁሉም ባለ 2 ፊደል ናቸው። ቅንብሩ ካልተስተካከለ ስለ ቡና የሚጽፍ ድረ ገጽ «ቡና» ተብሎ ሲፈለግ ምንም አያገኝም።

ሦስተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በፀ ወይም በጸ፣ በሐ፣ በሀ ወይም በኀ ሊጻፍ ይችላል። አንባቢው በአንዱ ሲፈልግ በሌላው የተጻፈው አይመጣም። መፍትሔው ፍለጋው ከመካሄዱ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ መጨመር፣ ወይም ይህን ሊማር የሚችል ራሱን የቻለ የፍለጋ ሞተር ማገናኘት ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ መሥሪያ ቤቱ አንድ ወጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ወስኖ ቢጠቀም ችግሩን ያቃልላል።

የገጽ አድራሻ

ዎርድፕረስ የጽሑፉን ርዕስ ወስዶ የገጽ አድራሻ ያደርገዋል። የአማርኛ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት ወደ 3 ምልክት ስለሚለወጥ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ሥርዓቱ ለአድራሻው የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው፤ ይህም 22 የአማርኛ ፊደል ያህል ብቻ ነው። «የአዲስ ዓመት የበዓል ገበያ ዋጋ እና የሸማቾች አስተያየት» የሚል ርዕስ ቢሰጥ አድራሻው «የሸማ» ላይ ይቆረጣል። አገናኙ ተገልብጦ በቴሌግራም ሲላክም ብዙ ጊዜ በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተሞላ ረጅም መስመር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከመነሻው አድራሻው በቁጥር ወይም በአጭር የላቲን ቃል እንዲሆን መወሰን ይሻላል። አድራሻዎች ድረ ገጹ ከታወቀ በኋላ ቢለወጡ ቀድሞ የተላኩት አገናኞች ይሰበራሉ።

ዘመን አቆጣጠርና ሰዓት

ከላይ የተጠቀሱት ሥርዓቶች ቀንን የሚያስቀምጡት በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያን ቀን ለማሳየት ተሰኪ ወይም ጥቂት ኮድ ይጨመራል። ዋናው ደንብ ለውጡ በሚታየው ገጽ ላይ ብቻ እንዲደረግ፣ በዳታቤዙ የተቀመጠው ቀን ግን እንዳይነካ ነው። የኢትዮጵያን ቀን በቀጥታ በዳታቤዝ የቀን መስክ ለማስገባት ቢሞከር፣ 13ኛው ወር ጳጉሜን ተቀባይነት አያገኝም። ጥቅምት 30ም እንደ 2ኛው ወር 30ኛ ቀን ስለሚቆጠር ስህተት ይሆናል።

ተሰኪው በትክክል መሥራቱን በአንድ ሙከራ ማወቅ ይቻላል። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 የሚለው ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ሴፕቴምበር 12 ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016 ሆኖ መውጣት አለበት። አንድ ቀን የሚሳሳት ተሰኪ ለጨረታና ለምዝገባ ማስታወቂያ ሊታመን አይገባም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ሥርዓቱ 14፡00 የሚለውን አንባቢው ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ እንዲያነበው መደረግ አለበት።

ፎንትና ክብደት

ብዙ ቴሞች ይዘው የሚመጡት ፎንት ለላቲን ብቻ ነው። ገጹ በአማርኛ ሲሞላ ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ያለውን ፎንት ይተካል፤ የመስመሩ ከፍታና የርዕሱ ውፍረትም ይዛባል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ፈቃድ የሚገኙ ፎንቶች ናቸው። ሆኖም የግዕዝ ፎንት ብዙ ፊደል ስለሚይዝ ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል። አንባቢው በሞባይል ዳታ የሚከፍት መሆኑን አስቦ ከአንድ ወይም ከሁለት ውፍረት በላይ አለመጫን ይበጃል።

ጥገናና ደኅንነት

የይዘት አስተዳደር ሥርዓት አንዴ ተሠርቶ የሚተው ዕቃ አይደለም። በኮዱ ውስጥ ክፍተት ሲገኝ ማስተካከያው ለሁሉም ይፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አጥቂዎችም ክፍተቱን ያውቃሉ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 15 ቀን 2014 በድሩፓል 7 ላይ የተገኘው ክፍተት ነው። ማስተካከያው የወጣው በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነበር። የድሩፓል የደኅንነት ቡድን በኋላ እንዳስታወቀው፣ በ7 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ያልተስተካከለ ድረ ገጽ ሁሉ እንደተጠቃ መቆጠር ነበረበት። መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ሠራተኛው ተኝቶ ሳለ ጊዜው አልፏል ማለት ነው።

ስለዚህ ከሥርዓቱ ስም ይልቅ የሚያዘምነው ሰው መኖሩ ይበልጣል። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አነስተኛ የደኅንነት ማስተካከያዎችን በራሱ ይጭናል፤ የራሱ ባለሙያ ለሌለው ድርጅት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በዎርድፕረስ ላይ የሚታወቁት አብዛኞቹ ክፍተቶች የሚገኙት ግን በዋናው ሶፍትዌር ሳይሆን በተሰኪዎች ውስጥ ነው። የማይሠራበትን ተሰኪ ማጥፋት፣ ከመጫን በፊትም መቼ እንደታደሰ ማየት ያስፈልጋል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው «ናልድ» የሚባሉት ቴሞችና ተሰኪዎች ናቸው። እነዚህ የሚሸጡ ሥራዎች ሲሆኑ የፈቃድ ቁልፋቸው ተሰብሮ በነጻ የሚሰራጩ ናቸው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍሉበት ካርድ የሌላቸው ሠሪዎች ይፈተኑባቸዋል። ጂፒኤል ቅጂን ማካፈል ቢፈቅድም፣ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ቅጂ ውስጥ የተደበቀ ኮድ ሊኖር ይችላል፤ ማዘመኛም አይደርሰውም። በነጻ የሚሰጥ ቀላል ቴም ከተሰበረ ውድ ቴም ይሻላል።

መጠባበቂያ ቅጂ ሲያዝ ዳታቤዙ፣ የተጫኑት ሥዕሎችና የቅንብር ፋይሉ ሦስቱም መካተት አለባቸው። ቅጂው በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቅጂው በሌላ ቦታ ተመልሶ ተከፍቶ ካልተሞከረም ደህና መሆኑ አይታወቅም።

ሆስቲንግና ወጪ

ኢትዮጵያዊ ድረ ገጽ በውጭ አገር ወይም በአገር ውስጥ ሰርቨር ሊቀመጥ ይችላል። በውጭ አገር ያለው ሆስቲንግ ብዙ አማራጭ አለው፤ የሚከፈለው ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 100 ዶላር የሚከፈልበት ሆስቲንግ ከ5,700 ብር ገደማ ወደ 10,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው። ዕድሳት ሳይከፈል ቀርቶ የሚዘጋ ድረ ገጽ ከነይዘቱ ሊጠፋ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ሳይሆን በዕድሳቱ ዋጋ ማስላት ያስፈልጋል።

በአገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም የሆስቲንግ አገልግሎት ይሰጣል፤ በነጥብ ኢቲ የሚያልቁ ዶሜኖችንም ያስተዳድራል። በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክም እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል። በአገር ውስጥ የሚቀመጥ ድረ ገጽ ለአገር ውስጥ አንባቢ ቅርብ ነው፤ ክፍያውም በብር ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የኢንተርኔት መቋረጥ ሲያጋጥም በውጭ ላለው አንባቢ የሚደርሰው በውጭ ሰርቨር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠበት ጊዜ በውጭ የተቀመጡ ድረ ገጾች በዳያስፖራው ዘንድ ይከፈቱ ነበር፤ በአገር ውስጥ ያሉት አዘጋጆች ግን አዲስ ነገር ማስገባት አልቻሉም። አንባቢው የት እንዳለ ማወቅ ለዚህ ውሳኔ መነሻ ነው።

በድረ ገጹ ላይ ስም፣ ስልክ ወይም የጤና ሁኔታ የሚሞላበት ቅጽ ካለ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። ሆስቲንግ ከመመረጡ በፊት መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው መወሰን አለበት። ሽያጭ ያለው ድረ ገጽ ከሆነ ደግሞ የአገር ውስጥ የክፍያ መንገዶች ከሥርዓቱ ጋር መገናኘታቸው ይታያል። ለምሳሌ ቻፓ በዎርድፕረስ ላይ ለሚሠራው ዉኮመርስ የሚሆን ተሰኪ አለው።

ባለቤትነት

ድረ ገጾች ከሚጠፉባቸው ምክንያቶች አንዱ ከቴክኒክ ጋር የማይገናኝ ነው። ሠሪው ዶሜኑን በራሱ ስምና ኢሜይል ያስመዘግባል፤ ሆስቲንጉንም በራሱ ካርድ ይከፍላል። ከዓመት በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ባለቤቱ ወደ ገዛ ድረ ገጹ የሚገባበት መንገድ ያጣል። ሶፍትዌሩ ክፍት ምንጭ መሆኑ በዚህ ጊዜ አያድነውም፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ዳታቤዙ የተዘጋ ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ዶሜኑ በድርጅቱ ስም እንዲመዘገብ፣ የሆስቲንጉ ሒሳብ በድርጅቱ ኢሜይል እንዲከፈት፣ ድርጅቱ የራሱ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እንዲኖረው፣ የሙሉ ቅጂ ርክክብም በየጊዜው እንዲደረግ ማለት ነው። ኢሜይሉ የአንድ ሠራተኛ የግል አድራሻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ቢሆን ሠራተኛው ሲለቅ ችግር አይፈጠርም።

የመውጫ መንገድም አስቀድሞ ይታሰባል። አንዳንድ ገጽ ገንቢ ተሰኪዎች ጽሑፉን በራሳቸው ምልክት ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፣ ተሰኪው ሲነሳ ገጹ በማይነበብ ኮድ ይሞላል። ጥቂት ገጾችን ወደ ውጭ አውጥቶ በሌላ ባዶ ድረ ገጽ ላይ መልሶ ማስገባት ይህን ለመፈተን ይበቃል።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ምርጫው ከሥርዓቶቹ ዝርዝር ሳይሆን ከሥራው ቢነሳ ውጤቱ የተሻለ ነው። በቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ያሉ 3 የተለያዩ ቢሮዎችን በምሳሌነት ማሰብ ይቻላል።

አንደኛው የጥርስ ክሊኒክ ነው። ድረ ገጹ አድራሻ፣ የሥራ ሰዓትና የአገልግሎት ዝርዝር ይይዛል፤ የሚያዘምነው ባለሙያ የለም። ለዚህ በቋሚ ፋይሎች የተሠራ ድረ ገጽ ይበቃል። የግድ የይዘት አስተዳደር ሥርዓት ካስፈለገም ጥቂት ተሰኪ ያለው ዎርድፕረስ በራሱ እየታደሰ ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው በየቀኑ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚጽፍ የዜና ክፍል ነው። ጸሐፊዎቹ ብዙ ሥልጠና የማያስፈልገው አርታዒ ይፈልጋሉ፤ ሠራተኛም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዎርድፕረስ ይስማማዋል፤ ነገር ግን የአማርኛ ፍለጋ፣ የአድራሻ አቀራረጽና የቀን አቀራረብ ከመጀመሪያው ቀን መስተካከል አለባቸው። ከ10,000 ጽሑፍ በኋላ እነዚህን ማረም እጅግ አድካሚ ነው።

ሦስተኛው በ4 ቋንቋ ሪፖርት የሚያወጣ፣ የተለያዩ ክፍሎቹ የየራሳቸውን ገጽ የሚያስተዳድሩ የግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። መዋቅሩ ለድሩፓል ይመቻል። ይሁን እንጂ ድሩፓልን የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ ወይም የጥገና ውል ከሌለው፣ አቅሙ ያነሰ ግን በየጊዜው የሚታደስ ሥርዓት ይሻለዋል።

ከመወሰን በፊት ሁለት ወይም ሦስት እጩዎችን ወስዶ በትንሽ መጠን መሞከር ይመከራል። ለሙከራው እውነተኛ የአማርኛ ጽሑፍ ይግባ፤ «ቡና» ተብሎ ይፈለግ፤ ጳጉሜን ላይ የሚውል ቀን ይታይ፤ ገጹ በርካሽ ስልክ በሞባይል ዳታ ይከፈት፤ ቅጂው ወጥቶ በሌላ ቦታ ይመለስ። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ስለ ሰው ነው፤ የሠራው ባለሙያ ከ3 ዓመት በኋላ ባይኖር ድረ ገጹን ማን ያዘምነዋል? ለዚህ ጥያቄ ስም ጠቅሶ መመለስ የሚቻልበት ሥርዓት ለዚያ ድርጅት ትክክለኛው ነው።